ከመቼ ጀምሮ ነው? ውሃ የጎዳው ቤት፣ የመድን ፖሊሲና የሠሪው ዋስትና

ወላይታ ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በልጉ አባርቶ ሳይጨርስ ክረምቱ ይገባል። ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ ቁልቁል ሲወርድ መንገዱ በሰው ግቢ ጎን፣ በጓሮና በመሠረት ሥር ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላም አፈሩ የጠገበውን ውሃ ቀስ እያለ ስለሚለቅ፣ ወደ ተዳፋቱ የዞረው ግድግዳ ላይ ልስኑ ማበጥና መርገፍ ይጀምራል። ይህ ከውጭ የሚመጣው ነው። ከውስጥ ደግሞ ቧንቧና ሮቶ አሉ። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር፣ ቀን ተከፍቶ የተረሳ ቧንቧ ሌሊት ውሃው ሲለቀቅ ቤቱን አጥለቅልቆ ያድራል።

ቤት የሠራ ሰው ይህን ሁሉ ያውቃል። ብዙ ጊዜ የሚቸግረው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ነው። የሚንኳኩ ሁለት በሮች አሉ፤ አንደኛው የመድን ድርጅቱ፣ ሁለተኛው ቤቱን የሠራው ተቋራጭ። ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱም «ቤትህ ሲጎዳ እኔ አለሁ» የሚሉ ይመስላሉ። ሥራቸው ግን የተለያየ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ የሚከፍለውን ሌላው አይከፍልም።

ድንበሩን የሚያሰምረው አንድ ጥያቄ ነው። የመድን ድርጅቱ የላከው የጉዳት ገማች ቤት ገብቶ፣ ኮርኒሱን አንጋጦ አይቶ፣ የረጠበውን ግድግዳ በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?» ይላል። ባለቤቱ «ኧረ ልጄ፣ ከአምና ክረምት ጀምሮ ያንጠባጥብ ነበር፤ ዘንድሮ ባሰበት» ብሎ በቅንነት ከመለሰ፣ ጥያቄው በመድን በኩል አለቀለት ማለት ነው። «ትናንት ሌሊት የሮቶው መጋጠሚያ ፈንድቶ ነው» ካለና ነገሩም እንዲያ ከሆነ ፋይሉ ይከፈታል። መድን የቆመው ድንገት ለሚደርስ፣ ማንም ቀኑን ሊያውቀው ለማይችል ጉዳት ነው። ቀስ እያለ የሚበላ እርጥበት፣ ዝገት፣ እርጅና፣ የአሠራር ጉድለት ከመድን ውል ውጭ ናቸው። እነዚህ የጥገና ወይም የሠሪው ጉዳይ ናቸው።

በአገራችን ቤት የሚሸፈንበት ዋናው ውል የእሳትና የመብረቅ መድን ይባላል። በ1967 ዓ.ም. የግል የመድን ድርጅቶች ተወርሰው በቀጣዩ ዓመት የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሲቋቋም፣ ከዚያም በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 86 ለግል ኩባንያዎች በሩን መልሶ ሲከፍት፣ ይህ ውል ብዙም አልተለወጠም። መሠረቱ እሳት ነው፤ ውሃ በተጨማሪ ሽፋን የሚገባ እንግዳ ነው። ጎርፍና ማዕበል፣ የውሃ ማጠራቀሚያ ወይም የቧንቧ መፈንዳትና ሞልቶ መፍሰስ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የመሬት መንሸራተት፣ እያንዳንዱ ለብቻው ተጠይቆና አረቦን ተከፍሎበት የሚጨመር ነው። ባንክ በብድር ምክንያት «ቤቱን ኢንሹራንስ አስገባ» ያለው ሰው ብዙ ጊዜ መሠረታዊውን ብቻ ገዝቶ ይወጣል። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ውሃ የገባ ቀን ሲያወጣው ስለ ውሃ የሚናገር መስመር ያጣበታል። በሶዶ ላለ ቤት ከእሳት ይልቅ ውሃው እንደሚቀርብ የሚያውቀው ባለቤቱ ነውና፣ መጠየቅ ያለበትም እሱው ነው።

ተጨማሪው ሽፋን ቢገዛም የራሱ አጥር አለው። ቧንቧው ሲፈነዳ ውሃው ያበላሸው ወለል፣ ኮርኒስና የቤት ዕቃ ይሸፈናል፤ የፈነዳውን ቧንቧ ራሱን መተካት ግን በአብዛኞቹ ውሎች የባለቤቱ ዕዳ ነው። ቤቱ ለረጅም ጊዜ ሰው ሳይኖርበት ቆይቶ ከሆነም ሽፋኑ ሊቋረጥ ይችላል። ይህ ውጭ አገር ሆነው በሶዶ ቤት ለሚያሠሩና ዘግተው ለሚተዉ ሰዎች ትልቅ ጉዳይ ነው። ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ ባለቤቱ በራሱ የሚሸከመው መጠንም አለ፤ ትናንሽ ፍሳሾች ከዚያ በታች ሆነው ይቀራሉ።

ከሁሉ የበለጠ ሰው የሚጎዳበት ግን የቤቱ ግምት ነው። ዛሬ መልሶ ለመሥራት 4 ሚሊዮን ብር የሚፈልግ ቤት ከዓመታት በፊት በነበረው ዋጋ 2 ሚሊዮን ተብሎ ተመዝግቧል እንበል። ሮቶው ፈንድቶ የ400 ሺህ ብር ጉዳት ቢያደርስ፣ «2 ሚሊዮን ተመዝግቦ የለም ወይ፣ 400 ሺህ ምን ያንሰዋል?» ማለት አያዋጣም። ቤቱ መድን የገባው በግማሽ ዋጋው ስለሆነ ካሳውም ግማሹ፣ 200 ሺህ ብር ይሆናል፤ ከዚያም የራስ ድርሻ ይቀነሳል። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ እንዲህ በሚሮጥበት ጊዜ ግምቱን በየእድሳቱ አለማስተካከል በየዓመቱ ከቤቱ አንድ ክፍል እየቀነሱ እንደማውጣት ነው።

ተዳፋት ላይ ለሚኖር ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ጎርፍና የመሬት መንሸራተት በመድን ውል ሁለት የተለያዩ አደጋዎች ናቸው፤ የጎርፍ ሽፋን የገዛ ሰው የመንሸራተቱን እንደገዛ አይቆጠርም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በዚያው ወር መጨረሻ በወላይታ ዞን ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳም መሬቱ ተንዶ ሰዎች ሞተዋል። ለነዚያ ቤተሰቦች የቤት ካሳ የሚነሳ ጉዳይም አልነበረም። ይህን የማነሳው ዝናብ ያራሰው ኮረብታ በእኛ አካባቢ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ አደጋ ስላልሆነ ነው። ኮረብታ ቆርሶ ቤት የሠራ ሰው ሁለቱንም በስማቸው ጠርቶ ይጠይቅ።

አሁን ወደ ሁለተኛው በር። አሜሪካ ቤት የገዙ ዘመዶቻችን ስለ «ሆም ዋራንቲ» ሲያወሩ እንሰማለን። ይህ በ1971 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጀመረ የንግድ አገልግሎት ነው። ባለቤቱ በየዓመቱ ይከፍላል፤ የውሃ ማሞቂያው ወይም የቧንቧው መስመር በእርጅና ሲበላሽ ኩባንያው ባለሙያ ልኮ ይጠግናል፣ ለእያንዳንዱ ጉብኝትም ክፍያ አለ። ውሃው ያበላሸውን ምንጣፍና ግድግዳ አይመለከትም፤ እሱ የመድኑ ነው። ጎርፍ ደግሞ እዚያም ከተራው የቤት መድን ውጭ ሆኖ በተለየ ፖሊሲ ነው የሚሸፈነው። እንዲህ ያለውን የጥገና ዋስትና በሶዶ ገበያ መፈለግ አያስፈልግም። እኛ ዘንድ ከዚያ የሚበልጥ፣ ያለ ምንም ዓመታዊ ክፍያ በሕግ የተሰጠ ዋስትና አለ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 እንደሚደነግገው፣ ቤት የሠራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት የሥራውን ደህንነትና የሕንፃውን ጽናት ይዋሳል። በአሠራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን ቤቱ ባረፈበት መሬት ጠባይ ምክንያት ለሚደርስ ብልሽትም ተጠያቂ ነው። ጊዜውን የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ዋጋ የለውም። «ስድስት ወር ብቻ ነው ኃላፊነቴ» ብሎ ያስፈረመ ተቋራጭ በዚያ ወረቀት አያመልጥም። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ዐሥሩ ዓመትም የመጣው ከፈረንሳይ ሕግ ነው። ፈረንሳይ በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሌላ እርምጃ ወሰደች፤ ማንኛውም ሠሪ ለነዚያ 10 ዓመታት መድን እንዲገባ አስገደደች፣ ሠሪው ቢከስር ቤቱ የፈረሰበት ሰው ባዶ እጁን እንዳይቀር። የእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ ተቋራጩን ያስራል፤ ከጀርባው ገንዘብ መኖሩን ግን አያረጋግጥም።

ለሶዶ የውሃ ጉዳት ከሁለቱ በሮች ይበልጥ የሚጠቅመው ይህኛው ነው ብዬ አምናለሁ። እዚህ ቤት የሚበላው ውሃ በአብዛኛው ድንገት የሚፈነዳው አይደለም። ቁልቁለቱ ተስተካክሎ ያልተሠራ አሸንዳ፣ በቆርቆሮው ጠርዝና በግድግዳው መጋጠሚያ የሚገባ ዝናብ፣ ውሃ መከላከያ ሳይቀባ የተለሰነ መታጠቢያ ቤት፣ ማፍሰሻ ሳይተውለት የተገነባ የድጋፍ ግንብ ናቸው ችግሩ። እነዚህን መድን ድርጅት አይከፍልም፤ ሠሪውን ግን ሕጉ ይይዘዋል።

ታዲያ ለምን ሰው አይጠቀምበትም? አብዛኛው ቤት የሚሠራው በእጅ ዋጋ ስለሆነ ነው። ባለቤቱ ብሎኬቱን፣ ሲሚንቶውን፣ ቆርቆሮውን ራሱ ይገዛል፤ ግምበኛው በቃል ይስማማል፣ ቧንቧ ሠራተኛው ሌላ ነው፣ ለሳኙ ሌላ። ሁሉም ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግድግዳው ሲረጥብ ግምበኛው ቧንቧ ሠራተኛውን፣ ቧንቧ ሠራተኛው ለሳኙን ያሳያል። በቀን ክፍያ፣ በባለቤቱ ትእዛዝ የሠራን ሰው ደግሞ እንደ ተቋራጭ አድርጎ ለ10 ዓመት መጠየቅ በጣም ያስቸግራል። ርክክብ የሚባል ነገር ስላልተደረገም ዐሥሩ ዓመት ከየት እንደሚጀምር የሚያሳይ ቀን የለም።

መፍትሔው ብዙ ወጪ የለውም። አነስተኛ ቤት የሚሠራ ሰውም ቢሆን ከአንድ ኃላፊ ሠሪ ጋር በጽሑፍ ይዋዋል፤ ጣሪያ፣ ቧንቧና የፍሳሽ መስመር በውሉ ውስጥ በስማቸው ይግቡ። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት የቧንቧው መስመር ውሃ ተሞልቶና ግፊት ተሰጥቶት ይፈተሽ፤ መጋጠሚያዎቹ በስልክ ፎቶ ይነሱ። ሲያልቅ ቀኑ ያለበት የርክክብ ወረቀት በምስክር ፊት ይፈረም። ከመጨረሻው ክፍያ ላይ የተወሰነውን አንድ ሙሉ ክረምት እስኪያልፍ መያዝም ሠሪውን በክፉ የሚያስጠረጥር ሳይሆን በሥራ ተቋራጮች ዘንድ የታወቀ አሠራር ነው።

ማስረጃን በተመለከተ የወላይታ የዘመን መለወጫ አንድ ልማድ ሊታሰብበት ይገባል። ጊፋታ መስከረም ውስጥ፣ ክረምቱ ሲወጣ ነው የሚውለው። ለበዓሉ ቤት ይጸዳል፣ ግድግዳ ይቀባል፤ የክረምቱ የውሃ እድፍም አብሮ ይሸፈናል። ያ እድፍ ውሃው ከየት እንደመጣና እስከ ምን ድረስ እንደወጣ የሚናገር ምስክር ነው። ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት ፎቶ ይነሳ፤ ለሠሪውም በጽሑፍ ይነገረው። ለመድን የሚቀርብ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ገማቹ ሳያይ ምንም አይነካ። ውሃውን መዝጋትና ዕቃ ማዳን ግን የባለቤቱ ግዴታ ነው፤ «እስኪያዩት ድረስ» ብሎ ሲፈስ መተው ካሳውን ያሳጣል። የመድን ጥያቄ በ2 ዓመት እንደሚታገድም መዘንጋት የለበትም።

ውሃው ከጎረቤት የመጣ እንደሆነ፣ ለምሳሌ ከላይኛው ፎቅ ወይም ከተጎራባች ግቢ ሮቶ፣ ሦስተኛ መንገድ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ያልታሰበ አጋጣሚ ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። በእኛ አገር እንዲህ ያለው በሽማግሌ ማለቁ የተሻለ ነው፤ ሕጉን ማወቅ ግን ሽምግልናውን ያጠናክራል።

ሁለቱ በሮች አንድ ላይ የሚገናኙበት ጊዜም አለ። በደንብ ያልተገጠመ ቧንቧ በሦስተኛው ዓመት ድንገት ቢፈነዳ ጉዳቱ ለመድኑ ድንገተኛ ነው፣ ለሠሪው ደግሞ የአሠራር ጉድለት። የመድን ድርጅቱ ከፍሎ ሲያበቃ በባለቤቱ እግር ተተክቶ ሠሪውን መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ሠሪው መጥቶ «ጋሼ፣ ቧንቧውን በነፃ ልቀይርልዎትና ከዚህ በኋላ እንዳይጠይቁኝ ይፈርሙልኝ» ቢል፣ ቧንቧውን ማስቀየር ይቻላል፤ ፊርማው ግን የመድን ጥያቄው እልባት እስኪያገኝ ይቆይ። የድርጅቱን የመጠየቅ መብት አስቀድሞ የሰረዘ ባለቤት የራሱን ካሳም ሊያጣ ይችላል።