ሞተር ብስክሌትን በቤት ስለ መጠበቅና ስለ ማደስ

ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው ጥቂት ነው። ያለውም ቢሆን ከአጎቱ ወይም ከታላቅ ወንድሙ ያገኘው፣ አለዚያም ዕቃ እያደረሰ የትምህርቱን ወጪ የሚሸፍንበት ነው። እንዲህ ያለው ሞተር በተበላሸ ጊዜ የወሩ የቤት ኪራይም አብሮ ይቆማል። የተበላሸው ፍሬኑ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል። ስለዚህ በልደታ ሠፈር የምንኖር ተማሪዎች በየግቢያችን ልንሠራው የምንችለውንና ለመካኒክ ልንተወው የሚገባንን ለይተን ለማስረዳት አስበናል።

በተለይ የምንናገረው ክሩዘር ስለሚባለው ዓይነት ነው። ክሩዘር ማለት ወንበሩ ዝቅ ያለ፣ መሪው ወደ ነጂው የቀረበ፣ የእግር መርገጫው ወደ ፊት የወጣ፣ ለረጅም መንገድ የተሠራ ሞተር ነው። ከአሜሪካ ሃርሊ ዴቪድሰን፣ ከጃፓንም ሆንዳ ሻዶውና ያማሃ ቪራጎ የዚህ ወገን ናቸው። ትልልቆቹ ከ200 እስከ 300 ኪሎ የሚመዝኑ ስለሆኑ አንድ ሰው ብቻውን ሊያነሣቸው አይሞክር። በከተማችን ብዙ የሚታየው ቀለል ያለው ሞተር ነው፤ ይሁን እንጂ ከዚህ በታች የምንለው ከጥቂቱ በቀር ለሁለቱም ይሆናል።

ከሁሉ አስቀድሞ የመሣሪያውን ነገር እናንሣ። ከ8 እስከ 17 ሚሊ ሜትር ያሉ የብሎን ቁልፎች፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ የጎማ ነፋስ መለኪያ፣ ግራሶ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ንጹሕ ጨርቅ ቢኖር ለጀማሪ ይበቃል። ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ግራሶ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በጋራዥም ሆነ በሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆች የሚሰማው ቋንቋ ይኸው ስለሆነ፣ ስሞቹን አስቀድሞ ያወቀ ተማሪ የፈለገውን ቶሎ ያገኛል፤ ያልፈለገውንም አይገዛም። ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ግን የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ነው። እዚህ የምንሰጣቸው ቁጥሮች የተለመዱት ናቸው፤ የእያንዳንዱ ሞተር ትክክለኛ ልክ በመመሪያው ይገኛል።

ሥራው የሚሠራው በደጅ ነው። በኮንዶሚኒየም የምንኖር በደረጃ ሥር ወይም በተዘጋ ክፍል ሞተር ማስነሣት የለብንም። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል። የተቀየረ ዘይትም በጀሪካን ተጠራቅሞ ለጋራዥ ይሰጣል እንጂ ወደ ፍሳሽ ቦይ አይደፋም።

1ኛ፤ ዘይት። የሞተሩ ዘይት ሲጎድል ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወጪ ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሊወዳደር ይችላል። ዘይቱን ለማየት ሞተሩ ጥቂት ከሠራ በኋላ ይጠፋል፤ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይጠበቅና ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ልኩ ይታያል። በጎን መቆሚያው እንዳዘመመ የሚያይ ሰው ሐሰተኛ ልክ ያነባል። ደግሞም በብዙዎቹ ሞተር ብስክሌቶች ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በዚያው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ለመኪና ተብሎ የተዘጋጀ አንዳንድ ዘይት እጅግ አለስላሽ ስለሆነ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ስለዚህ በዘይቱ ዕቃ ላይ ጃሶ ኤም ኤ የሚል ምልክት መኖሩን አይቶ መግዛት ይገባል።

2ኛ፤ የአየር ፊልትሮና ካንዴላ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለቆላ አገር በተስተካከለ ካርቡሬተር የሚሠራ ሞተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ እንደ ቀድሞው እየገባ አየሩ ያንሰዋል፤ ኃይሉ ይደክማል፣ ጭሱም ይጠቁራል። በዚህ ላይ ፊልትሮው በበጋ አቧራና በግንባታ ብናኝ ሲደፈን ችግሩ እጥፍ ይሆናል። ስፖንጅ የሆነው ፊልትሮ በሳሙና ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆና ለዚሁ የሚሆን ዘይት ተቀብቶ ይመለሳል። የወረቀቱ ግን አይታጠብም፤ በቀስታ ይራገፋል፣ ሲያረጅም ይለወጣል።

ካንዴላው ደግሞ የሞተሩን ውስጥ ይናገራል። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ቃጠሎው መልካም ነው። ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል፤ ከነጣ ቤንዚኑ አንሶ ሞተሩ ይግላል፤ በዘይት ከረጠበ ዘይት ወደ ቃጠሎው ክፍል እየገባ ነውና መካኒክ ይጠራ። የካንዴላው ክፍተት ብዙውን ጊዜ 0.7 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ሲመለስም መጀመሪያ በጣት ብቻ ይጠመዘዛል፤ በመፍቻ የሚጠብቀው በመጨረሻ ነው፤ ካንዴላ የሚገባበት ጥርስ ከተበላ ማደሱ ከባድ ነው። እዚህ አየሩን አስተካክሎ ወደ መተሐራ የሚወርድ ሰው ደግሞ፣ ያ አገር 1,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ካርቡሬተሩ እንደገና መስተካከል ሊያስፈልገው እንደሚችል ያስብ። በኮምፒውተር ቤንዚን የሚረጩት አዲሶቹ ሞተሮች ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ።

3ኛ፤ ሰንሰለት። ሃርሊ በቺንጋ፣ አንዳንዶቹ የጃፓን ክሩዘሮች በብረት ዘንግ ይነዳሉ፤ ከቀሩት ብዙዎቹ ባለ ሰንሰለት ናቸው። ሰንሰለቱ ሲላላ ሊወልቅና የኋላውን ጎማ ሊቆልፍ ይችላል፤ ሲበዛ ሲጠብቅም ኩሽኔታውን ይበላል። መካከሉ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቃነቅ በድምሩ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ቢሄድ ለብዙዎቹ ደኅና ነው። ጎማውን እያዞሩ በብዙ ቦታ መለካት ያስፈልጋል። በነጭ ጋዝ ይጠረጋል፤ በቤንዚን መጥረግ እሳት መጋበዝ ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ጊዜ፣ ከዝናብም በኋላ ዘይት ይቀባል። ይህ ሁሉ ሲሠራ ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ በሚዞር ሰንሰለት ጣታቸውን ያጡ ብዙ ናቸው።

4ኛ፤ ጎማ። ነፋሱ የሚለካው ከጉዞ በፊት፣ ጎማው ሳይግል ነው። በጎማው ጎን የተጻፉት አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ይነግራሉ፤ 2321 ማለት በ2021 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ አሮጌ ጎማ በርካሽ ሲቀርብልን ይህን ቁጥር እናንብብ፤ የደረቀ ጎማ በርጥብ አስፋልት ላይ አይይዝም።

5ኛ፤ ፍሬን። ከእንጦጦ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያም ወደ ልደታ የሚወርድ ሰው ሕይወቱን የሚሰጠው ለፍሬኑ ነው። በየሳምንቱ የፍሬኑ ሸራ ውፍረት ይታይ፤ ወደ 2 ሚሊ ሜትር የተጠጋ ይለወጥ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የገባበት ዘይት በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይፈላና እጀታው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ይቀየራል። በቁልቁለትም ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ መያዝ ፍሬኑን ያሳርፈዋል። እጀታው እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ በቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል፤ እንዲህ ያለው ሞተር እስኪታደስ ድረስ ከግቢ አይወጣም።

6ኛ፤ ባትሪና ሳይነዳ የቆመ ሞተር። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የከተማው አስተዳደር በሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ላይ እገዳ በጣለ ጊዜ ፈቃድ ያልነበራቸው ሞተሮች በየግቢው ቆመው ቀርተው ነበር። ሞተር በመቆም ብቻ እንደሚበላሽ ብዙ ሰው አያስብም። ቤንዚኑ እየቆየ ይወፍርና የካርቡሬተሩን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ባትሪው ይሞታል፤ ጎማው በአንድ ጎኑ ይጎብጣል። ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ የቤንዚን ታንኩ እንዳይዝግ ይሞላል፤ ካርቡሬተሩ ግን ይደርቃል። ባትሪው ይወጣና በየወሩ ኃይል ይሞላል። የ12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ያህል ያሳያል፤ ከ12.4 በታች ከወረደ መሞላት ይፈልጋል። ሲፈታ ኔጌቲቩ ቀድሞ ይወጣል፤ ሲታሰር መጨረሻ ይገባል።

ለመካኒክ የሚተወውስ ምንድር ነው? የሞተሩን ሆድ መክፈት፣ ማርሹን መፍታት፣ የፊተኛውን አሞርዛቶር ማደስ፣ የተጣመመ ቸርኬ ማቃናት፣ የፍሬኑን ቱቦና ፓምፕ መፍታት ያልተማረ ሰው ሥራ አይደለም። ይህን ለመካኒክ መተው እንደ ስንፍና አይቆጠርም። ነገር ግን ባለቤቱ ሞተሩን አስቀድሞ መርምሮ፣ «ካንዴላው ጠቁሯል፣ ፊልትሮውን ግን አጥቤዋለሁ» ብሎ የሚናገር ከሆነ መካኒኩ በግምት ከመፍታት ይድናል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ለዚህ አንድ ደብተር ይበቃል፤ ዘይት የተቀየረበት፣ ሰንሰለት የተስተካከለበት፣ ሸራ የተለወጠበት ቀንና ኪሎ ሜትር ይጻፍበት።

በመጨረሻ የምንለው አለ። በአገራችን ቀጥቃጩና ባለእጁ ሲናቁ ኖረዋል፤ ዛሬም ከእኛ መካከል እጁ በግራሶ ተነክሮ ሲታይ የሚያፍር አይጠፋም። በመማሪያ ክፍል ስለ አየር ግፊትና ስለ ሙቀት የምንማረው ሁሉ በካንዴላ ጫፍ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ እሑድ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ለሞተራችን ብንሰጥ ሰኞ በቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ስንጨብጥ ይይዝልናል። ሞተር ያለው ወንድማችን ወይም እኅታችን በመጪው እሑድ ከፍሬኑ ሸራ ይጀምሩ።