የድሮ ብስክሌት፣ አዲስ ማርሽ

አርባ ዓመት ያለፈው የብረት የውድድር ብስክሌት ብዙውን ጊዜ ፍሬሙ ደህና ነው። ቀለሙ ተላልጦ፣ መገጣጠሚያው አካባቢ ዝገት ጀማምሮት ሊሆን ይችላል፤ ዋናው አካል ግን ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። ያለቀው የሚንቀሳቀሰው ክፍል ነው። የኋላ ማርሹ ጥርሶች እንደ ውሻ ክራንቻ ሾለዋል፣ ካቴናው ረዝሟል፣ ማርሽ ቀያሪው መጋጠሚያው ላልቶ ይወዛወዛል፣ የፍሬኑ ጎማ ደርቆ ቸርኪውን አልይዝ ብሏል። ይህን ሁሉ ባንድ ላይ ነቅሎ በሌላ መተካት ግሩፕሴት መቀየር ይባላል።

ግሩፕሴት አብረው እንዲሠሩ ታስበው የተሠሩ ዕቃዎች ስብስብ ነው። የፊትና የኋላ ፍሬን ከነእጀታቸው፣ የማርሽ እጀታዎች፣ የፊትና የኋላ ማርሽ ቀያሪ፣ የፔዳል ክንዶች ከፊት ማርሾቻቸው ጋር፣ ክንዶቹ የሚዞሩበት የመሃል ኩሽኔታ፣ ካሴት የሚባለው የኋላ ማርሾች ስብስብ፣ በመጨረሻም ካቴናው። ፍሬሙ፣ ጎማው፣ መሪውና ኮርቻው ከዚህ ውጭ ናቸው። ስሙ በብስክሌቱ ላይ የተጻፈው ፋብሪካ ብዙውን ጊዜ ግሩፕሴቱን ከሌላ ይገዛል። ለውድድር ብስክሌት በዓለም ላይ ገበያውን የያዙት ሦስት ናቸው፦ በ1921 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጃፓን ሳካይ ከተማ የተመሠረተው ሺማኖ፣ በ1933 በጣሊያን ቪቼንዛ የተቋቋመው ካምፓኞሎ፣ እና በ1987 በቺካጎ የተነሳው ስራም።

ድሮ ማደባለቅ ቀላል ነበር። በ1960ዎቹ የተሠራ የጣሊያን ብስክሌት ማርሽ ቀያሪው ካምፓኞሎ፣ ፍሬኑ ዩኒቨርሳል፣ ካቴናው ሬጂና ቢሆን ማንም ቅር አይለውም። የማርሽ እጀታዎቹ ከፍሬሙ የታችኛው ቧንቧ ላይ የተሰኩ ሁለት ትንንሽ ዘንጎች ነበሩ። ጋላቢው ጎንበስ ብሎ ይገፋቸዋል፤ ካቴናው ቦታውን መያዙን የሚያውቀው በጆሮው ነው። ሺማኖ ይህን በ1984 ለወጠው። ዱራ-ኤስ በተባለው ከፍተኛው ግሩፕሴቱ ላይ እጀታው «ጠቅ» ባለ ቁጥር ካቴናው በትክክል አንድ ማርሽ ብቻ እንዲያልፍ አደረገ። በ1990 ደግሞ የማርሽና የፍሬን እጀታው አንድ ላይ ሆኑ፤ ጋላቢው ማርሽ ለመቀየር እጁን ከመሪው ማንሳት ቀረለት። አሮጌ ብስክሌት ያለው ሰው ግሩፕሴት ለመቀየር የሚነሳሳውም በአብዛኛው ለዚህ ምቾት ሲል ነው። ቁልቁለት ላይ፣ ከሚኒባስና ከባጃጅ መሃል፣ አንድ እጅን ለቆ ወደ ታች መጎንበስ በውነቱ አይመከርም።

ምቾቱ ግን ዋጋ አለው። ጆሮ ያስተካክለው የነበረውን ነገር አሁን የሚያስተካክለው ልኬት ነው፤ ልኬቱ ካልገጠመ ማንም አያርመውም። የሺማኖን ባለ 8 ማርሽ እንውሰድ። እጀታው አንዴ ጠቅ ሲል ሽቦውን 2.8 ሚሊሜትር ገደማ ይስባል። ማርሽ ቀያሪው የተሳበውን በ1.7 ያህል አባዝቶ ወደ ጎን ይሄዳል። ውጤቱ 4.8 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በካሴቱ ላይ ከአንዱ ማርሽ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል ያለው ርቀትም ይኸው ነው። በባለ 9 ማርሽ ርቀቱ ወደ 4.35 ዝቅ ይላል፣ በባለ 10 ወደ 3.95። አንድ ሰው ባለ 8 እጀታ ከባለ 9 ካሴት ጋር ቢያጋባ በእያንዳንዱ ጠቅታ 0.45 ሚሊሜትር ይስታል። ሁለተኛው ማርሽ ላይ ምናልባት አይታወቀው ይሆናል። አራት ጠቅታ ሲሄድ ስህተቱ 1.8 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ያኔ ካቴናው በሁለት ማርሽ መሃል ቆሞ ይንኳኳል። ካቴናውም ከማርሹ ብዛት ጋር ይቀጥናል፦ የባለ 8ቱ የውጭ ወርድ 7.1 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የባለ 11ዱ 5.5 ብቻ ነው።

ወጥመዱ ደግሞ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ሁሉ እርስ በርስ ይግባባል ብሎ ማሰብ ነው። ከ1997 በፊት የተሠራው ዱራ-ኤስ ከሌሎቹ የሺማኖ ዕቃዎች የተለየ የሽቦ አሳሳብ ነበረው። የእሱን እጀታ ከተራ የሺማኖ ማርሽ ቀያሪ ጋር ያጋባ ሰው ሽቦውን ሲያጠብቅና ሲያላላ ይውላል እንጂ አይገጥምለትም። ቲያግራ 4700 የሚባለውም ባለ 10 ማርሽ ሆኖ ሳለ ሽቦ የሚስበው እንደ ባለ 11ዎቹ ነው፤ ከቀደሙት ባለ 10ዎች ጋር አይሄድም። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ከጀርባው የተቀረጸውን የሞዴል ቁጥር ማንበብ ከውበቱ ይቀድማል። እኔ ብጠየቅ እጀታውን፣ ማርሽ ቀያሪውንና ካሴቱን ከአንድ ብስክሌት ላይ አብረው የወለቁ ባገኝ እመርጣለሁ። ቢያንስ ሲግባቡ ኖረዋል።

አሁን ወደ ፍሬሙ እንምጣ፤ ምክንያቱም ስንት ማርሽ እንደሚሸከም የሚወስነው እሱ ነው። ለምሳሌ በ1980ዎቹ አጋማሽ የተሠራ ቢያንኪ እንበል። የኋላ ጎማው የሚገባበት የሹካ ስፋት፣ ከውስጥ ወደ ውስጥ ሲለካ፣ 126 ሚሊሜትር ነው፤ የ6 እና የ7 ማርሽ ዘመን ልኬት። ከዚያ የቀደሙት የባለ 5ቶቹ 120 ነበር። ከ8 እስከ 11 ማርሽ የሚይዘው፣ በቸርኪ ፍሬን የሚቆመው ጎማ ግን 130 ይፈልጋል። የጎደለው 4 ሚሊሜትር ነው። ፍሬሙ ብረት ከሆነ ሹካው በእያንዳንዱ ጎን በ2 ሚሊሜትር ሊሰፋ ይችላል፤ ጠንቃቃ ባለሙያ ቀስ እያለ ይዘረጋዋል፣ በየመሃሉም ይለካዋል። የሁለቱም ጎን እኩል መዘርጋቱ የሚረጋገጠው በተራ ክር ነው። ክሩ ከአንዱ የሹካ ጫፍ ተነስቶ በመሪው ቧንቧ ፊት ዞሮ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይመለሳል፤ ከዚያ ከክሩ እስከ ኮርቻው ቧንቧ ያለው ርቀት በግራም በቀኝም ይለካል። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ የኋላ ጎማው ፊተኛውን ተከትሎ አይሄድም። ፍሬሙ አልሙኒየም ወይም ካርቦን ከሆነ ይህን ማሰብም አያስፈልግም። እንደ ቪቱስ 979 ያሉት የዚያ ዘመን የአልሙኒየም ፍሬሞች ቧንቧቸው በማጣበቂያ የተያያዘ ነው፤ ሲዘረጉ መጋጠሚያው ይለቃል።

ሁለተኛው ፈተና የመሃል ኩሽኔታው ነው፤ ብዙ ሰው የሚያለቅሰውም እዚህ ጋ ነው። ኩሽኔታው የሚገባበት ቧንቧ ውስጡ ጥርስ አለው፤ ጥርሱ እንደ አገሩ ይለያያል። የእንግሊዙ ወርዱ 68 ሚሊሜትር ነው፤ በካቴናው በኩል ያለው ቆብ ጥርሱ ግራ ዞር ነው፣ ማለትም የሚፈታው ሌላው ብሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ሲዞር ነው። የጣሊያኑ 70 ሚሊሜትር ሲሆን ሁለቱም ጎኑ ቀኝ ዞር ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ቁልፉን ጨብጦ፣ ቧንቧ ቀጥሎበት፣ ሙሉ ክብደቱን ጥሎ የሚያጠብቀውን ነገር የሚፈታ ይመስለዋል። መካኒክ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት በካሊፐር የቧንቧውን ወርድ የሚለካው ለዚህ ነው፤ የ2 ሚሊሜትሩ ልዩነት አቅጣጫውን ይነግረዋል። በስሙ መተማመንም አያዋጣም። ቢያንኪ የጣሊያን ስም ነው፤ በ1980ዎቹ ለአሜሪካ ገበያ ከቀረቡት ቢያንኪዎች ግን ጃፓን ውስጥ ተሠርተው የእንግሊዝ ጥርስ የያዙ አሉ። የጣሊያኑ ጥርስ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፦ ቀኝ ዞር በመሆኑ የካቴናው በኩል ያለው ቆብ በፔዳል ዙረት ራሱን ይፈታል፤ በደንብ ካልጠበቀ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ይላላል። እንግሊዞቹ ግራ ዞር ያደረጉት ይህን ለማስቀረት ነው።

ፍሬኑ ከዚህ ይቀላል። ብስክሌቱ የ27 ኢንች ጎማ የነበረው ከሆነ የቸርኪው ዲያሜትር 630 ሚሊሜትር ነው፤ የዛሬው 700ሲ ግን 622። ጎማው ሲቀየር የፍሬኑ ጎማ 4 ሚሊሜትር ወደ ታች መውረድ አለበት፤ ስለዚህ የፍሬኑ ክንድ መድረሱን ከፍሬን ቀዳዳው እስከ ቸርኪው በመለካት ማወቅ ያስፈልጋል። የተለመደው የዛሬ ፍሬን ከ39 እስከ 49 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ከ47 እስከ 57 የሚደርስም ይሸጣል። የማርሽ እጀታው ወደ መሪው ሲወጣ ደግሞ በታችኛው ቧንቧ ላይ የነበሩት የድሮ ዘንጎች ይነሱና በቦታቸው የሽቦ ሽፋኑን የሚያስቆም ትንሽ ማስደገፊያ ይገባል። ርካሽ ነው፤ ከረሱት ግን ሥራው ሁሉ ይቆማል።

ከተገጠመ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አይጠይቅም። ካቴናው ሲቆረጥ በማርሽ ቀያሪው ውስጥ ሳያልፍ በትልቁ የፊት ማርሽና በትልቁ የኋላ ማርሽ ላይ ይጠመጠማል፤ የተገናኘበት ላይ ሁለት ቀለበት ይጨመራል። አሳጥሮ መቁረጥ ማርሽ ቀያሪውን ይሰብራል። ከዚያ ሁለቱ የወሰን ብሎኖች ይስተካከላሉ፤ አንዱ ካቴናው ወደ ውጭ እንዳይወድቅ፣ ሌላው ወደ ራጆቹ እንዳይገባ። የመጨረሻው ሽቦው የሚገባበት ትንሿ ተሽከርካሪ ብሎን ናት። ብስክሌቱ ተሰቅሎ ፔዳሉ በእጅ እየዞረ አንዴ ጠቅ ይደረጋል። ካቴናው ወደ ትልቁ ማርሽ ለመውጣት ካመነታ ብሎኗ ሩብ ዙር ወደ ግራ፤ አልፎ ወደሚቀጥለው መታከክ ከጀመረ ሩብ ዙር ወደ ቀኝ። እዚህ ላይ የድሮው ጆሮ ተመልሶ ይጠቅማል፤ በትክክል የተቀመጠ ካቴና ድምፁ ወጥ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ አልስተካከል ካለ ጥፋቱ ምናልባት የማርሽ ቀያሪው መስቀያ ጎብጦ ይሆናል። ብስክሌቱ በቀኝ ጎኑ አንዴ ወድቆ ከነበረ ይህ የተለመደ ነው፤ ብረት ከሆነ ይቃናል።

ስንት ማርሽ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ፋብሪካዎቹ ወደ 12 ሄደዋል፤ ሺማኖ በ2021 ያወጣው ዱራ-ኤስ ሽቦ የሚባል የማርሽ ነገር የለውም፣ የሚሠራው በባትሪ ነው። ለአሮጌ የብረት ብስክሌት ይህን መግጠም ይቻላል፣ ትርጉሙ ግን አይታየኝም። ባለ 8 ወይም ባለ 9 ማርሽ ካቴናው ወፍራም ነው፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ለትንሽ የማስተካከያ ስህተት ይታገሣል። የሺማኖ የ8፣ የ9 እና የ10 ካሴት በአንድ ዓይነት የጎማ መሃል ላይ ይገባል፤ ባለ 11ዱ ግን 1.85 ሚሊሜትር የሚረዝም ይፈልጋል። ወጪውን ከፍ የሚያደርገውም ይኸው ጎማ ነው። የድሮው ጎማ ማርሹ በጥርስ የሚጠብቅበት ከሆነ ካሴት አይቀበልም፤ አዲስ የኋላ ጎማ ግድ ይሆናል። ገንዘቡ ለዚህ የማይበቃ ሰው በድሮው ጎማ ላይ አዲስ ባለ 7 ማርሽና አዲስ ካቴና ገጥሞ፣ ዘንጎቹን እዚያው ታችኛው ቧንቧ ላይ ትቶ ቢነዳ አያፍርም።

አገር ቤት ሆኖ ዕቃውን ከውጭ በዘመድ ሻንጣ ለሚያስመጣ ሰው ደግሞ የ2 ሚሊሜትር ስህተት ሌላ መንገደኛ እስኪገኝ መጠበቅ ማለት ነው። ስለዚህ ለአሜሪካው ወንድም «ማርሽ ላክልኝ» ብላችሁ አትደውሉ። የኋላ ሹካውን ስፋት፣ የመሃል ቧንቧውን ወርድ፣ ከፍሬን ቀዳዳው እስከ ቸርኪው ያለውን ርቀት፣ የፊት ማርሽ ቀያሪው የሚታሰርበትን የኮርቻ ቧንቧ ውፍረት (በአብዛኛው የድሮ ብረት ላይ 28.6 ሚሊሜትር ነው) ለኩና በሚሊሜትር ጽፋችሁ ላኩለት፤ ከጎኑም የፍሬሙን ፎቶግራፍ።