ቦርዱ ከመከሰሱ በፊት

ድሮ ፍሪጅ አላቀዘቅዝ ሲል ሁሉም ሰው «ጋዙ አልቆ ነው» ይል ነበር። ዛሬ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ይባላል። ኢንቨርተር ያላቸው ፍሪጆች በጎንደሩ ማራኪ ሰፈር ውስጥ እየበዙ ሲመጡ ጥፋቱ ሁሉ በመቆጣጠሪያ ቦርዱ ይላከክ ጀመር። ቦርድ ደግሞ ውድ ነው፤ ጎንደር ካልተገኘ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቃል። ስለዚህ «ቦርዱ ነው» የሚል ባለሙያ በሰው ገንዘብ ላይ እየፈረደ ነውና ማስረጃውን በእጁ መያዝ አለበት።

እኔ ምርመራዬን የምጀምረው ከሶኬቱ ነው። መስመራችን 220 ቮልት ቢሆንም ቴስተር ሰክቶ አንድ ጊዜ ማየት አይበቃም። ማራኪ፣ በተለይ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ዙሪያ፣ ብዙ ተከራይ አንድ ቆጣሪ ይጋራል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት፣ ማለትም ከ14 እስከ 18 አምፔር ይስባል። ገመዱ ቀጭን ወይም ቅጥያው የላላ ከሆነ ምጣዱ በተሰካ ቁጥር የፍሪጁ ቮልት ይወርዳል። «እትዬ፣ እስቲ ምጣዱን ይሰኩልኝ» እላለሁ። ቁጥሩ ሲያሽቆለቁል የቤቱ እመቤትም አብረውኝ ያያሉ። የዚያ ቤት መድኃኒት ኤሌክትሪሻን እንጂ አዲስ ቦርድ አይደለም።

ከሶኬቱ ቀጥሎ ሴንሰሮቹን እመረምራለሁ። ቦርዱ ብርዱን በራሱ አያውቅም፤ ሴንሰሩ የነገረውን ያምናል። በአብዛኞቹ ፍሪጆች ሴንሰሩ ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ስለዚህ በክፍሉ ሙቀት እለካውና በረዶ በበዛበት ውሃ ውስጥ ነክሬ እንደገና እለካዋለሁ። በረዶና ውሃ አብረው እስካሉ ድረስ ሙቀቱ 0 ዲግሪ ነው። ውሃ ግን በጎንደር ከፍታ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ሴንሰሩን በፈላ ውሃ ለክቶ ሙቀቱን 100 ብሎ የሚያስብ ባለሙያ ይሳሳታል። ሴንሰሩ በረዶው ውስጥ ገብቶ ቁጥሩ ካልጨመረ፣ ወይም ገመዱ ሲነካ ከዘለለ፣ ቦርዱ የተሳሳተ ወሬ ሰምቶ ነው የተሳሳተው።

ፍሪጁም ቦርዱም ደህና ሆነው ቅሬታ የሚመጣበት ጊዜም አለ። ብዙ ፍሪጆች የተሠሩት ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ ለማያንስ ክፍል ነው። በዳባትና በደባርቅ ብርድ፣ አንድ ሴንሰር ብቻ ባላቸው ፍሪጆች የታችኛው ክፍል ሳይለፋ ይቀዘቅዛል፤ ሞተሩም «ይበቃል» ተብሎ ስለሚያርፍ ፍሪዘሩ ይቀልጣል። የፋሲካ ሰሞን ደግሞ ሥጋ እስከ አፉ ይጠቀጠቅና የአየር መተላለፊያው ይዘጋል። ለእነዚህ የሚከፈል የቦርድ ዋጋ ሁሉ የባከነ ገንዘብ ነው።

ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው ቦርዱን የምፈታው። ጀማሪ ባለሙያዎችን አጥብቄ የማስጠነቅቀው እዚህ ላይ ነው፦ ፍሪጁ ከሶኬት ቢነቀልም ትልቁ ካፓሲተር ወደ 310 ቮልት የሚደርስ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ በቴስተር ሳታረጋግጡ አትንኩ። ፊውዙ ተቃጥሎ አጠገቡ ያለው ቫሪስተር ከተሰነጠቀ ከመጠን ያለፈ ቮልት ከውጭ ገብቷል ማለት ነው። ለምሳሌ የኒውትራል መስመር ሲበጠስ ቤት ውስጥ የሚገባው ቮልት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ሁለቱ ደህና ከሆኑ ቦርዱ በአብዛኛው ሊሰጥ የሚገባውን 12 እና 5 ቮልት እፈልጋለሁ። አዲሱን ከመግጠሜ በፊት ደግሞ ሞተሩን እለካለሁ። የኢንቨርተር ሞተር ሦስቱ ጫፎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲለኩ እኩል ሬዚስታንስ ማሳየት አለባቸው፤ ከሞተሩ አካል ጋርም መገናኘት የለባቸውም። ይህን ሳይለኩ አዲስ ቦርድ መግጠም ሁለተኛውንም ለቃጠሎ መስጠት ነው።

ይህን ያህል የምጠነቀቀው ፍሪጅ የሥጋና የቅቤ ማስቀመጫ ብቻ ስላልሆነ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ቦርዱ ተበላሽቶ ሞተሩ ካላቆመ ቤተሰቡ «እንዴት ያለ የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ!» እያለ ሲደሰት ኢንሱሊኑ በረዶ ይሆናል። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥና ደህና ቢመስልም መወጋት የለበትም። ስለዚህ ቤት በገባሁ ቁጥር «ስኳር ያለበት ሰው አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ካለ ቴርሞሜትር ሳላስቀምጥ አልወጣም።

ለሙያ ጓደኞቼ የማቀርበው ልመና አንድ ነው። ቦርድ ስትቀይሩ አሮጌውን ለባለቤቱ መልሱ፤ የሶኬቱን ቮልት፣ የሴንሰሩንና የሞተሩን ልክ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ባለቤቱም ቮልት ሲያንስም ሲበዛም የሚቆርጥ፣ መብራት ሲመለስ ደቂቃዎች የሚያቆይ መከላከያ እንዲገዛ ምከሩት። የመጀመሪያውን ቦርድ የገደለው ምን እንደሆነ ያልታወቀበት ጥገና አላለቀም፤ ገንዘብ መቀበልም የሚገባን ምክንያቱን ስናገኝ ነው።