ርካሹ ጤፍ ለምን ከታች ወረደ?

አንድ የእህል ደላላ የአምበርን፣ የቢቸናንና የሞጣን የጤፍ ዋጋ በስልክ ሰብስቦ በኮምፒዩተር መዘገበ እንበል። አምበር 9800፣ ቢቸና 12500፣ ሞጣ 10200 ብር በኩንታል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ እንጂ የዕለቱ ዋጋ አይደሉም።

ደላላው ዝርዝሩን ከርካሹ ወደ ውዱ እንዲደረድርለት ፓይዘን በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ አዘዘ። የወጣው ውጤት ሞጣ፣ ቢቸና፣ አምበር የሚል ነው። የመጀመሪያውን ስም አይቶ 100 ኩንታል ከሞጣ ቢገዛ፣ አምበር ላይ ከሚከፍለው 40 ሺህ ብር አብልጦ ይከፍላል።

ስህተቱ የማሽኑ አይደለም። ዋጋው የተመዘገበው እንደ ጽሑፍ በመሆኑ ኮምፒዩተሩ ያነጻጸረው ከግራ በኩል ያለውን ምልክት ነው። «1» ከ«9» ስለሚቀድም 12500 ከ9800 በፊት መጣ። መፍትሔው «ኢንት» በሚባለው ትእዛዝ ጽሑፉን ወደ ቁጥር ለውጦ መደርደር ነው። ነገር ግን በቁጥሩ መካከል ኮማ፣ ከኋላውም «ብር» የሚል ቃል ካለ ትእዛዙ አይቀበለውም፤ አስቀድሞ መጽዳት አለበት።

ሁለተኛው ጣጣ የፊደል ነው። አንዱ «ሠርገኛ»፣ ሌላው «ሰርገኛ» ብሎ ይመዘግባል። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደላት በገቡበት የዩኒኮድ ሠንጠረዥ «ሠ» ከ«ረ» በፊት፣ «ሰ» ደግሞ ከ«ረ» በኋላ ይገኛል። ስለዚህ አንዱ ጤፍ ሁለት ቦታ ተከፍሎ በመካከሉ ሩዝ ይገባል። ፊደሉን በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ማስተካከል የግድ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ዋናው መዝገብ ነው። «ሶርት» የተሰኘው ትእዛዝ ዝርዝሩን በዚያው በቦታው ይቀይረዋል፤ ማን ቀድሞ እንደደወለ የሚያሳየው ቅደም ተከተል ይጠፋል። «ሶርትድ» ግን ዋናውን ሳይነካ አዲስ ዝርዝር ያወጣል። ከዚህም ሌላ ፓይዘን እኩል ዋጋ ያላቸውን ቀድሞ በነበሩበት ተራ ይተዋቸዋል። በዋጋ እኩል ከሆኑት ሁለት ሻጮች ቀድሞ የደወለው ቀዳሚነቱን አያጣም ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የዋጋውን ዓምድ ብቻ ለይቶ መደርደር ነው። ያን ጊዜ ስሞቹ በቦታቸው ይቀሩና የአንዱ ዋጋ ለሌላው ይደርሳል። ከተማ፣ የጤፍ ዓይነትና ዋጋ በአንድ ረድፍ ታስረው አብረው መንቀሳቀስ አለባቸው። ከመደወል በፊትም የመጀመሪያውን ረድፍ ከደብተሩ ጋር ማመሳከር የደቂቃ ሥራ ነው።