ያረጀ ኮምፒዩተርና የማያረጅ ዲስክ

በብዙ ቤትና በብዙ መሥሪያ ቤት ጓዳ ውስጥ አቧራ የለበሰ ኮምፒዩተር ተቀምጦ ይገኛል። ወላጆቻችን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን፥ የማኅበራቸውን ቃለ ጉባኤ፥ የዕድራቸውን መዝገብ የጻፉበት ነው። ቦታ ሲያጣብብ «ይጣል» ይባላል፤ የሚጣለው ግን ብረቱ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለው ጽሑፍ ጭምር ነው። አስቀድሞ የነቃ ሰው ካለ ደግሞ «ሺህ ዓመት በሚቆይ ዲስክ ላይ ገልብጠን እናስቀምጠው» ይላል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ሺህ ዓመት የሚቆይ ዲስክ ማለት ሺህ ዓመት የሚነበብ ጽሑፍ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም አሮጌው ኮምፒዩተር ያንን አዲስ ዲስክ ጨርሶ ላያነበው ይችላል። ይህ ለምን እንደ ሆነና ምን ማድረግ እንደሚገባ በተቻለኝ መጠን ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

አንባቢ «ጽሑፉን ወደ አዲስ ኮምፒዩተር ገልብጦ መክፈት አይበቃምን? አሮጌው ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ምክንያቱ ፊደላችን ነው። ዛሬ በየስልካችን የምናየው የአማርኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የቍጥር ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፥ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፥ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደላችንን ለላቲን ፊደል በተመደበው ቍጥር ላይ በገዛ ፈቃዱ ይደለድል ነበር። በአንዱ ፕሮግራም «ለ» የሆነው ቍጥር በሌላው «መ» ሊሆን ይችላል። ይህም ብቻ አይደለም፤ አንዱ የቍጥር ሠንጠረዥ ከ256 በላይ ቦታ ስለሌለውና ፊደላችን ከነዲቃላዎቹና ከነአኃዙ ለዚያ ስለሚበዛ፥ አንዳንዶቹ ለሁለት ለሦስት ከፍለው ያስቀምጡት ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ፋይል በአዲስ ኮምፒዩተር ሲከፍቱት የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። አስተካክሎ የሚያሳየው ያው ጥንት የተጻፈበት ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙም የለመደው የዚያን ዘመን ኮምፒዩተር ነው። እንግዲህ ሃርድ ዲስኩ አንድ ቀን ቢሞት፥ ፕሮግራሙንም ጽሑፉንም መልሶ ለአሮጌው መሣሪያ የሚሰጥ ዲስክ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ለመሆኑ ዲስኩ ጽሑፍ የሚይዘው እንዴት ነው? የሆላንዱ ፊሊፕስና የጃፓኑ ሶኒ ተባብረው የሠሩትና በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ፥ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ክብ ነው። በውስጡ ከመካከል ተነሥቶ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተጠመዘዘ ወደ ዳር የሚወጣ አንድ ረጅም መስመር አለ። በመስመሩ ላይ በዓይን የማይታዩ ጕድጓዶች ተደርድረዋል። ከታች የሌዘር ብርሃን ሲበራበት ከሜዳው ብዙ ብርሃን፥ ከጕድጓዱ ጥቂት ብርሃን ይመለሳል፤ ኮምፒዩተሩም ይህን የብርሃን መለዋወጥ እንደ ቍጥር ያነበዋል።

ቁም ነገሩ ያለው በብርሃኑ ዓይነት ላይ ነው። የሲዲ ሌዘር የሞገዱ ርዝመት 780 ናኖሜትር ሲሆን በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ርቀት 1.6 ማይክሮን ነው። በዲቪዲ ግን ብርሃኑ 650 ናኖሜትር፥ ርቀቱ 0.74 ማይክሮን ሆነ። በብሉ ሬይም ብርሃኑ 405፥ ርቀቱ 0.32 ደረሰ። ሞገዱ ባጠረ ቍጥር የብርሃኑ ጫፍ እየቀጠነ ስለሚሄድ፥ 700 ሜጋባይት ያህል ይይዝ በነበረው ስፋት ላይ ዲቪዲው 4.7 ጊጋባይት፥ ብሉ ሬዩ 25 ጊጋባይት ሊጽፍ ቻለ። በወፍራም ጣት የደቃቅ ጽሑፍ መስመር ተከትሎ ለማንበብ የሞከረ ሰው መስመሩን እንደሚስት ሁሉ፥ የ1990ዎቹ የሲዲ ማንበቢያም ዲቪዲ ቢያጎርሱት ምንም አያይበትም። ይህ በፕሮግራም የሚጠገን ጕድለት አይደለም፤ የብርሃን ሕግ ነው።

በፋብሪካ የታተመ ሲዲ ጕድጓዱ በፕላስቲኩ ላይ የተቀረጸ ነው። እኛ በቤታችን የምንጽፍበት ባዶ ሲዲ ግን ጕድጓድ የለውም፤ በውስጡ የተቀባ ቀለም አለ፥ የመጻፊያው ሌዘር ያንን ቀለም በሙቀት ነጥብ በነጥብ ይለውጠዋል። ቀለሙ እንደ ጨርቅ ቀለም ስለ ሆነ ፀሐይ፥ ሙቀትና እርጥበት ያደክሙታል። ከቀለሙ በላይ ያለው አንጸባራቂ ብር ደግሞ አየር ካገኘው ይጠቍራል፤ በብር ፈንታ ወርቅ የተቀባ ዲስክ የሚወደደው ወርቅ ስለማይዝግ ነው።

ሺህ ዓመት ይቆያል የተባለው ዲስክ ኤም ዲስክ ይባላል። በአሜሪካን አገር በዩታ ክፍል የተቋቋመ ሚሌኒያታ የተባለ ድርጅት የሠራው ሲሆን፥ በቀለም ፈንታ ድንጋይ መሰል ሽፋን አለው። ሌዘሩ ሽፋኑን እያቀለጠ በእውነት ይበሳዋል፤ ለዚህም ከተራው መጻፊያ የበረታ ሌዘር ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ግን ተራ የዲቪዲ ማንበቢያ ያነበዋል። ስለ ሺህ ዓመቱ፥ ዲስኩን በብርቱ ሙቀትና እርጥበት ውስጥ አስቀምጦ በመፈተን የተገመተ እንጂ ሺህ ዓመት ጠብቆ ያየ ሰው የለም። ድርጅቱ ራሱ አሥር ዓመት ሳይሞላው በ2016 ከሰረ። ዲስኩ መልካም አይደለም ማለቴ ግን አይደለም፤ ከቀለም ይልቅ ድንጋይ እንደሚሻል ለማንም ግልጽ ነው። ለእኛ ጕዳይ የሚከብደው ሌላ ነው፤ ኤም ዲስክ የሚሠራው በዲቪዲና በብሉ ሬይ መልክ ነው፥ በሲዲ መልክ አልወጣም። አሮጌው መሣሪያ የሚያውቀው ደግሞ ሲዲን ብቻ ነው።

ዲስክ ሳይበላሽ ጽሑፍ የሚሞተው እንዴት እንደ ሆነ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። የእንግሊዝ ንጉሥ ድል አድራጊው ዊልያም በ1086 የአገራቸውን መሬትና ሀብት አስቆጥረው ዱምስዴይ በተባለ የብራና መጽሐፍ አስጻፉ። በ1986፥ 900ኛው ዓመት ሲከበር፥ ቢ.ቢ.ሲ. የዘመኑን እንግሊዝ አኗኗር በጽሑፍና በሥዕል ሰብስቦ በሁለት ትልልቅ የሌዘር ዲስኮች ላይ አኖረው፤ የተማሪ ቤት ልጆችም ሳይቀሩ ስለ ሰፈራቸው ጽፈውበታል። ነገር ግን ዲስኮቹ የሚነበቡት ለዚሁ በተሠራ ማንበቢያና በዚያ ዘመን የቢ.ቢ.ሲ. ኮምፒዩተር ብቻ ነበር። ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ የሚሠራ መሣሪያ ማግኘት ጭንቅ ሆነ፤ የሊድስና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የአሮጌውን ኮምፒዩተር ጠባይ በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ በፕሮግራም አስመስለው ነው ያዳኑት። የ1086ቱ ብራና እስከ ዛሬ ይነበባል።

እንግዲህ ለአሮጌው ኮምፒዩተር የሚስማማ ዲስክ እንዴት ይጻፋል? አንደኛ፥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበትን ተራ ሲዲ መምረጥ ነው። እየተሰረዘ ደግሞ ደጋግሞ የሚጻፍበት ዓይነት አለ፤ እርሱ ግን ከሚበራበት ብርሃን የሚመልሰው ሩብ ያህል እንኳ አይሞላም። የታተመ ሲዲ ከ100 እጅ 70ውን ይመልሳል፥ ተራው ባዶ ሲዲም ወደዚያው ይጠጋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ማንበቢያ ዓይኑ ለጥቂት ብርሃን አልተዘጋጀምና ያንን ደብዛዛ ዲስክ «ባዶ ነው» ብሎ ይመልሰዋል።

ሁለተኛው ነገር የአጻጻፉ ሥርዓት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም በዚህ ላይ ነው። ሲዲው የፋይሎቹን ስም የሚመዘግብበት ማውጫ አለው። በ1988 የወጣው አይ.ኤስ.ኦ. 9660 የተባለው ደንብ በመጀመሪያ ደረጃው ለስም ስምንት ፊደል፥ ለዓይነት ሦስት ፊደል፥ ያውም የላቲን ትልልቁን ፊደልና ቍጥር ብቻ ይፈቅዳል። ኤም ኤስ ዶስ የሚያነበው ይህንን ነው። ጆሊዬት የተባለው ጭማሪ በ1995 ረጅም ስም ፈቀደ፤ ዶስ ግን ያንን አያይም፥ የተቈራረጠውን አጭር ስም ብቻ ያገኛል። «የዕድር መዝገብ የመጨረሻው» ተብሎ በአማርኛ የተሰየመ ፋይል እዚያ ሲደርስ ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ስለዚህ አስቀድሞ አጭር የላቲን ስም ሰጥቶ፥ የስሞቹን ዝርዝር በወረቀት መያዝ ይሻላል። ለዲቪዲ የተለመደውን ዩ.ዲ.ኤፍ. የተባለውን ሥርዓትም ዶስና ዊንዶውስ 95 አያውቁትም፤ ማንበብ የጀመረው ዊንዶውስ 98 ነው። ደግሞም ሁሉን ባንድ ጊዜ ጽፎ ዲስኩን መዝጋት ይገባል። ዛሬ ጥቂት፥ ነገ ጥቂት እየጨመሩ ቢጽፉ በጣም የቈዩት ማንበቢያዎች የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ አይተው ሌላውን ይተዉታል።

የአሮጌው ኮምፒዩተር ማንበቢያ ራሱ ደክሞ እንደ ሆነስ? ሌዘሩ ይዳከማል፥ መሳቢያውን የሚያንቀሳቅሰው ጎማ ይላላል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተሠራው ኮምፒዩተር ላይ 40 እግር ባለው ጠፍጣፋ ገመድ የሚገናኝ የ2000ዎቹ የዲቪዲ መጻፊያ አውልቆ መግጠም ይቻላል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ሁለቱንም ብርሃን ስለ ያዘ ሲዲን ያነባል። ዛሬ የሚሸጡት ሳታ በተባለ ቀጭን ገመድ ስለሚሠሩ በመካከል አስማሚ ይፈልጋሉ። ለዶስ ሁለት ፕሮግራም ያሻል፤ አንደኛው ከዊንዶውስ 98 የማስነሻ ፍሎፒ የሚገኘው ኦክ ሲዲ ሮም፥ ሁለተኛው ኤም ኤስ ሲዲ ኤክስ ነው። ሁለቱም ከ640 ኪሎባይት ጠባብ ቦታ ላይ ተካፍለው ስለሚቀመጡ፥ አንዳንድ ትልቅ ፕሮግራም «ቦታ አነሰኝ» ይላል፤ ያን ጊዜ ፋይሉን ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ ያለ ሲዲ ማስነሣት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከዚህ የቀደሙት ማንበቢያዎች በድምፅ ካርድ ላይ በየፋብሪካው ልዩ መሰኪያ ይገናኙ ነበር። ከመካከላቸው 40 እግር ያለው ይገኛል፤ እግሩ እኩል ስለ ሆነ ግን ቋንቋው አንድ ነው ማለት አይደለም፥ አዲሱን እዚያ ላይ መሰካት አይገባም። ሙዚቃቸው ከሲዲው በቀጥታ የሚሰማ የቀድሞ ጨዋታዎችን የሚወዱ ጓደኞቼ ደግሞ ይህን ይወቁ፤ ያ ድምፅ የሚያልፈው ከማንበቢያው ጀርባ በሚወጣ አንድ ቀጭን ሽቦ ነው፥ የሳታዎቹ ማንበቢያዎች ይህ መውጫ የላቸውም። ጨዋታው ይሠራል፥ ዘፈኑ ግን አይሰማም።

ጽሑፉን ከአሮጌው ለማውጣት የሚቀለው መንገድ ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ በዩ.ኤስ.ቢ. አስማሚ ከአዲስ ኮምፒዩተር ጋር ማገናኘትና አንዳች ነገር ሳይጽፉበት ሁሉን መገልበጥ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓይነት ዲስክ እንዲጻፍ እመክራለሁ። አንዱ ለአሮጌው መሣሪያ የሚሆን ሲዲ፥ ሌላው ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ኤም ዲስክ። በሁለቱም ላይ ጽሑፉ ብቻ ሳይሆን የተጻፈበት ፕሮግራምና የፊደሉ ፋይል መኖር አለባቸው። በየጥቂት ዓመቱም ዲስኩን አስገብቶ እስከ መጨረሻው መነበቡን መፈተን ያስፈልጋል፤ ሶኒ እንኳ በ2025 የሚጻፍበትን የብሉ ሬይ ዲስክ መሥራት አቁሟልና፥ የሚሠራ ማንበቢያ በዚያው ሣጥን ውስጥ አብሮ ማስቀመጥ ብልኅነት ነው።

ስለ አያያዙ ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ፊት ነው። የሲዲ ጽሑፍ ግን የሚገኘው ከላይ፥ ስም ከሚጻፍበት ፊት ሥር ነው፤ የሚሸፍነውም ስስ ቅብ ብቻ ነው። በስክሪብቶ መጫር ወይም ወረቀት ለጥፎ መላጥ ከታች ካለው ጭረት ይልቅ ይጎዳዋል። የዲቪዲው በሁለት ፕላስቲክ መካከል ስለ ሆነ በዚህ በኩል ይሻላል። የአሜሪካን መንግሥት የደረጃዎች ተቋም በ2003 ባወጣው መመሪያ ዲስክ በሣጥኑ ውስጥ እንደ መጽሐፍ ቆሞ ይቀመጥ፥ ሲጠረግም ከመካከል ወደ ዳር ቀጥ ብሎ ይጠረግ፥ በለስላሳ የውሃ ቀለም ብርዕ ይጻፍበት ይላል።

የመጨረሻው ሥራ ግን ዲስክም አይጠይቅም። አሮጌው ኮምፒዩተር ገና በሚሠራበት ጊዜ፥ በዚያው የአማርኛ ፕሮግራም ከሀ እስከ ፐ ያለውን ፊደል ከነዲቃላዎቹና ከነአኃዙ በተራ ጽፎ፥ ፋይሉን ከሌሎቹ ጋር ማስቀመጥና አንዱን ቅጂ በወረቀት ማተም ነው። ወደ ፊት ፕሮግራሙ ቢጠፋ፥ ያንን ወረቀትና ያንን ፋይል ጎን ለጎን የያዘ ሰው የትኛው ቍጥር የትኛው ፊደል እንደ ነበረ አንድ በአንድ ሊያወጣው ይችላል።