የአኩፓንክቸር ሥልጠና ፈቃድ ላላቸው የጤና ባለሙያዎች

አኩፓንክቸር ማለትም ቀጫጭን መርፌዎችን በተወሰኑ የሰውነት ክፍሎች ላይ በመውጋት የሚሰጠው ሕክምና መነሻው ቻይና ነው። ዛሬ ግን በብዙ አገሮች ሐኪሞችና ፊዚዮቴራፒስቶች ከመደበኛ ሥራቸው ጋር አጣምረው ይሠሩበታል። ለመማር የሚያስብ ባለሙያ በቅድሚያ የሚጠይቀው ምን ያህል ሥልጠና እንደሚበቃ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ሐኪም ላልሆነ ሠልጣኝ 2,500 ሰዓት፣ ሙያውን በሙሉ ለሚማር ሐኪም 1,500 ሰዓት፣ ለዘወትር ሥራው ማገዣ ብቻ ለሚፈልገው ሐኪም ደግሞ 200 ሰዓት እንዲሆን መክሯል። በጀርመን ለሐኪሞች የሚሰጠው ተጨማሪ የሙያ ማዕረግ 200 ሰዓት፣ የአሜሪካ የሐኪሞች አኩፓንክቸር ቦርድ ማረጋገጫ ደግሞ 300 ሰዓት ይጠይቃል። በብሪታንያ ለፊዚዮቴራፒስቶች የሚሰጠው መሠረታዊ ኮርስ 80 ሰዓት ነው። ከሁሉ አጭሩ ምናልባት የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም የነበሩት ሪቻርድ ኒምትዞው እ.ኤ.አ. በ2001 የነደፉት ሳይሆን አይቀርም፤ በጆሮ ላይ አምስት ነጥቦችን ብቻ የሚጠቀም በመሆኑ በጥቂት ሰዓታት ይሰጣል።

ሰዓቱ በምን እንደሚሞላ መመርመር ግን ከቁጥሩ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነ አንድ የጀርመን ጥናት ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 1,162 ሕሙማን ተከታትሎ ነበር። በትክክለኛው አኩፓንክቸር 47.6 በመቶ፣ ከነጥቦቹ ውጭ ላይ ላዩን በተደረገው የማስመሰያ ውጊያ 44.2 በመቶ፣ በተለመደው ሕክምና 27.4 በመቶ የሚሆኑት ተሻሽለዋል። እንግዲህ መርፌው የሚያርፍበት ነጥብ የሚያመጣው ልዩነት ይህን ያህል ጠባብ ከሆነ፣ የነጥቦችን ስም በማስጠናት ብቻ የሚያልፍ ሥልጠና ጊዜውን በሚገባ ተጠቅሞበታል ማለት ያስቸግራል።

አደጋው ያለው በጥልቀቱ ነው። በስካፑላ ውስጠኛ ጠርዝና በክላቪክል መሃል መስመር አካባቢ ፕሉራ ከቆዳ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ሊርቅ ይችላል። በትራፔዚየስ ጡንቻ አናት ላይ ለትከሻ ሕመም የሚወጋው የታወቀ ነጥብም በሳንባ ጫፍ አጠገብ ይገኛል። በዚህ ስፍራ ቀጥ ብሎ የገባ ረጅም መርፌ ኒሞቶራክስ ያስከትላል። ምልክቱ ወዲያው ላይታይ ስለሚችል ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስም በዕለቱ በመርፌ መወጋቱን ካልተናገረ ማንም አይጠረጥርም። በተለይ ቀጫጭን ሰዎችና ኤምፊዚማ ያለባቸው ሕሙማን ለዚህ ይጋለጣሉ።

ስለዚህ ኮርስ የሚመርጥ ባለሙያ ስንት ሰዓት በአስተማሪ ዓይን ሥር በሰው ላይ እንደሚለማመድ፣ የደረት አናቶሚ እንዴት እንደሚሰጥ፣ መርፌው ንጹሕና ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መሆኑን ይጠይቅ። በኮምፒዩተር ብቻ የሚሰጥ ኮርስ የእጅን ስሜት አያስተምርም። ወደ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ሲመላለሱ ከቆዩት የቻይና የሕክምና ቡድኖች መካከል የአኩፓንክቸር ባለሙያዎችም ስላሉ፣ ሥራቸውን በቅርብ ማየት ለጀማሪ ይጠቅማል። ሆኖም የሥልጠና ምስክር ወረቀት የሥራ ፈቃድ አይደለም። በተሰጠው ፈቃድ መርፌ መውጋት የሚካተት መሆን አለመሆኑን ባለሙያው ከመመዝገቡ አስቀድሞ ፈቃዱን ከሰጠው አካል በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል።