ዛሬ ከትናንት በስንት ዲግሪ ይለያል?

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ስለ አየር ጠባይ ወሬ ከተነሳ ወሬው ሙቀት ነው። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ 40 ዲግሪ ማለፍ ብርቅ ባልሆነበት ከተማ ሌላ ምን ይወራል? የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ግን ሌላ ቁጥርም ይከታተላሉ፤ ዛሬ ከትናንት በስንት ዲግሪ እንደሚለይ።

ስሌቱ ቀላል ነው። የአራት ተከታታይ ቀናት ሙቀት 35፣ 36፣ 35 እና 38 ቢሆን አማካዩ 36 ነው። አራቱም ቀን 36 ቢሆን ኖሮም አማካዩ ያው 36 ነበር። እያንዳንዱን ቀን ከዋዜማው ጋር ስናስተያይ ግን በመጀመሪያው ልዩነቱ 1፣ 1 እና 3 ሲሆን በሁለተኛው ዜሮ ነው። (ከቀንና ከሌሊት ልዩነት ጋር እንዳይምታታብን። አዲስ አበቤ በኅዳር ማለዳ ጋቢ ደርቦ ቀትር ላይ በሸሚዝ ይሄዳል፤ ማክሰኞው ግን ከሰኞው እምብዛም አይለይም።)

ጅቡቲን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ የሚያረጋጋት ባሕሩ ነው። ውኃን በአንድ ዲግሪ ማሞቅ፣ ያንኑ ያህል ቦታ የሚይዝ አየር ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ከ3,000 እጥፍ በላይ ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚነፍሰው አየር በአንድ ሌሊት አይለዋወጥም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ከምዕራቡ በረሃ ሲነሳ ነገሩ ይገለበጣል። በከተማይቱ ዳር ፒኬ 12 በሚባለው ሰፈር ተራ የሚጠብቅ የከባድ መኪና ሾፌር ትናንት በላብ የተጣበቀበት ሸሚዝ ዛሬ ገላው ላይ ይደርቃል፤ አቧራው ዓይን አያስገልጥም።

በዓለም ደረጃ የአየር ንብረት ለውጥ በዚህ የዕለት ልዩነት ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ሁለት መልክ አለው። አርክቲክ ከሌላው ዓለም ፈጥኖ ስለሚሞቅ ከሰሜን የሚወርደው ነፋስ የድሮውን ያህል አይቀዘቅዝም፤ በሰሜኑ የዓለም ክፍል የዕለት መዋዠቁ ቀንሷል። ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡ ግን ጨምሯል። የጀርመኑ ፖትስዳም የአየር ንብረት ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ የጋዝ ልቀት ካልተገታ በምዕተ ዓመቱ መጨረሻ መዋዠቁ በዝቅተኛ ኬክሮስ እስከ እጥፍ ሊደርስ፣ በሰሜኑ ጫፍ ደግሞ በ40 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። በዚያው ዓመት የተቋሙ ሌላ ጥናት መዋዠቅ የኢኮኖሚ ዕድገትን እንደሚጎዳ፣ ጉዳቱም ወቅቶች እምብዛም በማይለያዩባቸው ሞቃት አገሮች እንደሚብስ አሳይቷል።

ይህን ሁሉ በቀጥታ ለጅቡቲ መተርጎም ግን ችኮላ ነው። የዓለም ሞዴሎች ባሕሩንና በረሃውን በአንድ ሰፊ ካሬ ውስጥ ይጨፈልቃሉ፤ የከተማይቱ ዕጣ ደግሞ በሁለቱ መካከል ባለው ጠባብ ዳርቻ ላይ ነው የሚወሰነው። እዚህ ላይ የሚታመነው በአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ በየቀኑ የሚመዘገበው ሙቀት ነው። የሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎች የወሩን አማካይ ሲያወጡ የዕለት ልዩነቱንም አብረው ያውጡልን።